ባሕር ውስጥ ቢላዋ ለምን? (የዣክ-ኢቭ ኩስቶ የሕይወት ታሪክ)

ባሕር ውስጥ የተቀረጸ ፊልም ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጠላቂው ጀርባው ላይ የአየር ሲሊንደር ተሸክሟል፣ ዐይኑን በመስታወት ሸፍኗል፣ እግሩ ላይ እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋ ጫማ አጥልቋል። ባቱ ላይ ደግሞ ቢላዋ ታጥቋል። አብዛኞቻችን ቢላዋውን ስናይ ቶሎ የሚመጣልን ሻርክ ነው። ፊልም ሠሪዎችም ይህንኑ ሲነግሩን ኖረዋል፤ ሰውየው ከአውሬው ጋር ይናነቃል፣ ወይም ጠላቱ ከኋላ መጥቶ የአየር ቱቦውን ይበጥስበታል። ታዲያ ቢላዋው የጦር መሣሪያ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል?

መልሱን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ማየት ይቻላል። ሰውየው ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን፣ ፈልሳፊና ፊልም ሠሪ ዣክ-ኢቭ ኩስቶ ነው። ስኩባ የሚባለው ጠልቆ የመዋኛ ዘዴ ለዓለም ሕዝብ የተዳረሰው ከማንም በላይ በእሱና በባልደረቦቹ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ ይሏል።

ለእኛ ለሰሜን ጎንደር ደገኞች ባሕር ሩቅ ነገር ነው። ከደባርቅ ተነስቶ ሊማሊሞን የወረደ መንገደኛ ድብ ባሕርን ያገኛል፤ ስሟ ላይ ባሕር ይኑር እንጂ ዙሪያዋ ገደልና ተራራ ነው። ቢሆንም በሊማሊሞ በኩል የሚወርደው መንገድ ጥንት የጎንደር ነጋዴ ወደ ምጽዋ ይሄድበት የነበረ ነው። የመንገዱ ጫፍ ቀይ ባሕር ነው፣ ኩስቶም ዝናው የገነነው በዚያው በቀይ ባሕር ነው። ደግሞም የጠላቂውን ቢላዋ ትርጉም ለመረዳት የግድ ባሕር ማየት አያስፈልግም። በታሰረበት ጠፍር ተጠላልፎ የታነቀ በሬ ያየ ሰው ይገባዋል። በዚያ ሰዓት ቋጠሮ ለመፍታት ጊዜ የለም፤ በሬው በታገለ ቁጥር ጠፍሩ ይጠብቃል። ስለዚህ ስለት ያለው ሰው ሮጦ ይቆርጠዋል። የጠላቂውም ቢላዋ ሥራው ይኸው ነው።

ልጅነቱ

ኩስቶ የተወለደው በሰኔ 1910 ቦርዶ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሴንት አንድሬ ደ ኩብዛክ ነው። አባቱ ዳንኤል ኩስቶ የአሜሪካዊ ባለጸጋ የግል ጸሐፊ ስለነበር ቤተሰቡ ከቦታ ቦታ ይዘዋወር ነበር። ልጁ ቀጭንና በሽታ የማይለየው ነበር። ያም ሆኖ ዋና ይወድ ነበር።

ዕድሜው አሥር ዓመት ገደማ ሲሆን ቤተሰቡ ወደ ኒውዮርክ ሄደ። በክረምት ወራት ቨርሞንት በሚባለው ግዛት ሐይቅ ዳር ወደሚገኝ የልጆች ካምፕ ተላከ። የካምፑ ኃላፊ ለዚህ ልጅ የሰጠው ሥራ ልጆች ከሚዘሉበት ቦታ ሥር ሐይቁ ውስጥ የወደቀውን የደረቀ ቅርንጫፍ እየጠለቀ እንዲያወጣ ነበር። የዐይን መስታወት የለም፣ የአየር ሲሊንደር የለም፣ ውኃውም ድፍርስ ነው። ኩስቶ ትንፋሹን ይዞ መጥለቅን የለመደው እዚያ ነው። እንግዲህ በሕይወቱ የመጀመሪያው የውኃ ውስጥ ሥራው ዋናተኛን ሊጠልፍ የሚችልን ነገር ማስወገድ ነበር ማለት ነው።

በአሥራ ሦስት ዓመቱ ገንዘብ አጠራቅሞ የፊልም ካሜራ ገዛ። ፈታው፣ መልሶ ገጠመው፣ ከዚያም ያገኘውን ሁሉ መቅረጽ ጀመረ። ውኃና ካሜራ ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለዩትም።

በ1930 ብሬስት ወደሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ምኞቱ ግን የባሕር ኃይል አብራሪ መሆን ነበር። ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል በ1936 ሌሊት መኪና ሲነዳ ተገለበጠና ሁለቱም እጆቹ ተሰበሩ። አብራሪነቱ በዚያው ቀረ። ቱሎን ወደብ ሲመደብ የሥራ ባልደረባው ፊሊፕ ታይዬ እጆቹ እንዲጠነክሩ በባሕር ውስጥ እንዲዋኝ መከረው፣ የውኃ ውስጥ መነጽርም ሰጠው። ኩስቶ ፊቱን ውኃው ውስጥ ሲነክር ከሥሩ ያለውን ዓለም ጥርት አድርጎ አየ። ለካ ሲዋኝበት የኖረውን ባሕር እስከዚያች ቀን አይቶት አያውቅም ነበር!

ብዙም ሳይቆይ ፍሬዴሪክ ዱማ የተባለ ጎበዝ ጠላቂ ተጨመረና ሦስት ሆኑ። እዚህ ላይ የማይካድ ነገር አለ። ሦስቱ ጓደኛሞች መጀመሪያ ላይ አዳኞች ነበሩ። በጦርና በቀስት መሰል መሣሪያ ዓሣ እየወጉ ያወጡ ነበር፤ በ1942 የሠሩት የመጀመሪያ ፊልማቸውም ስለዚሁ አደን ነው። ባሕር ማለት ያኔ ለኩስቶ ከአውሬ ጋር ጉልበት የሚለካኩበት ሜዳ ነበር።

አየር ፍለጋ

ትንፋሽን ይዞ መጥለቅ ግን ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ኩስቶ ሌላ መንገድ ሞከረ። ንጹሕ ኦክስጅን በሚሰጥ መሣሪያ ሁለት ጊዜ ጠልቆ ሁለት ጊዜም ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ፤ የእርሳስ ቀበቶውን ጥሎ ባይወጣ ኖሮ ያኔ ሞቶ ነበር። ኦክስጅን ጥቂት ሜትሮች ከጠለቁ በኋላ መርዝ እንደሚሆን በራሱ ላይ ተማረ። ከጀልባ በቱቦ በሚላክ አየርም ሞከሩ፤ አንድ ቀን ቱቦው ተበጠሰ።

በ1937 ያገባት ሲሞን ሜልሺዮር አባቷ ኤር ሊኪድ በተባለው የጋዝ ኩባንያ ውስጥ ኃላፊ ነበር። በዚህ ትውውቅ ኩስቶ በ1942 መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ኤሚል ጋኛን ከሚባል ኢንጂነር ጋር ተገናኘ። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፣ ፈረንሳይ በጀርመን ተይዛለች፣ ቤንዚን የለም። ጋኛን መኪና በቤንዚን ፋንታ በጋዝ እንዲሄድ የጋዙን መጠን የሚቆጣጠር ትንሽ ዕቃ ሠርቶ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ያንን ዕቃ አሻሻሉና ከተጨመቀ አየር ሲሊንደር ጋር አገናኙት። ዋናው ብልሃት ይህ ነው፤ ጠላቂው ሲስብ ብቻ አየር ይሰጠዋል፣ የሚሰጠውም አየር ጫናው በዙሪያው ካለው ውኃ ጫና ጋር እኩል ይሆናል። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ የአንድ ከባቢ አየር ያህል ጫና ስለሚጨመር ይህ ባይሆን ደረት አየር መሳብ አይችልም።

በ1943 መጀመሪያ ላይ ማርን ወንዝ ውስጥ ሞከሩት። ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩ ይባክን ነበር፤ ይህንንም አስተካከሉ። በዚያው ዓመት ሰኔ ኩስቶ ባንዶል በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ መሣሪያውን ይዞ ሜዲትራኒያን ውስጥ ገባ። ሲሞን ከላይ እየዋኘች ትጠብቀው ነበር። ወረደ፣ ተገለበጠ፣ እንደ ወፍ ዞረ፣ የሚይዘው ነገር አልነበረም። አኳ ላንግ፣ ማለትም የውኃ ሳንባ፣ የተባለው መሣሪያ እንዲህ ተወለደ።

ቢላዋው የሚገባው እዚህ ላይ ነው

ከዚያ በፊት የነበረው ጠላቂ የነሐስ ቆብ ደፍቶ፣ ከባድ ጫማ አድርጎ የባሕር ወለል ላይ የሚራመድ ሠራተኛ ነበር። አየር በቱቦ ይላክለታል፣ በገመድም ከመርከቡ ጋር ታስሯል። እሱም ቢላዋ ይይዝ ነበር፤ ነገር ግን ላይ ሆኖ ገመዱን የሚጠብቅ ሰው ነበረው። የኩስቶ ጠላቂ ደግሞ ነጻ ነው። ነጻነቱ ግን ዋጋ አለው፤ ከያዘው ነገር የሚጎትተው ሰው የለም። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ሲያልቅ አለቀ ነው።

ይህ ነጻ ሰው ታዲያ የት ነው የሚገባው? በብዛት የሰመጠ መርከብ ውስጥ። ኩስቶ በአዲሱ መሣሪያ የሠራው ፊልም በ1943 የተቀረጸው ስለሰመጡ መርከቦች የሚያሳየው ነበር። የሰመጠ መርከብ የዓሣ ቤት ይሆናል። ዓሣ ያለበት ቦታ ዓሣ አጥማጅ ይመጣል። የአጥማጁ መረብ ከመርከቡ ብረት ጋር ይያዛል፣ ሲጎተት ይቀደድና እዚያው ይቀራል። ከዓመታት በኋላ መርከቡ መረብ፣ ገመድ፣ ሽቦና የመንጠቆ ክር ይለብሳል። ጠላቂው ሲገባ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ነው፤ የሲሊንደሩ ራስ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ለመረብ የተመቸ ነው፣ ዐይኑ ደግሞ አያየውም። ምን እንደያዘው ለማየት ሲዞር የበለጠ ይጠመጠማል። ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። 30 ሜትር ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ትንፋሽ ከሲሊንደሩ የሚወስደው አየር ውኃው አፍ ላይ ከሚወስደው አራት እጥፍ ነው። እንግዲህ ተረጋግቶ መቁረጥ ነው ያለው መንገድ።

የቢላዋውን አሠራር ያስተዋለ ሰው ይህን ከቅርጹ ያነብበዋል። አንደኛው ጎኑ ወፍራም ገመድ ለመገዝገዝ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። ብዙዎቹ ላይ ቀጭን ክር ስቦ የሚቆርጥ ትንሽ ቆልመም ያለ ቦታ ይኖራል። ጫፉ ብዙ ጊዜ ደነዝ ነው። ለመውጋት ቢሆን ኖሮ ደነዝ ጫፍ ምን ያደርጋል? ደነዝ የሆነው ጠላቂው ራሱን ወይም ጓደኛውን እንዳይወጋ፣ የተጣበቀ ነገርም ፈልቅቆ ለማንሳት እንዲያገለግል ነው። በእጀታው ሲሊንደሩን ቢመታው ጓደኛው ይሰማል፤ ድምፅ ውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ከአራት ጊዜ በላይ ይፈጥናልና። ጨው እንዳይበላው ከማይዝግ ብረት ወይም ከቲታኒየም ይሠራል፣ ከባሕር በወጣ ቁጥርም በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ባት ላይ ሲታሰርም በውስጥ በኩል ይመረጣል፤ አለበለዚያ ቢላዋው ራሱ መረብ ይይዛል። ዛሬ ብዙ ጠላቂዎች ትልቁን ቢላዋ ትተው ደረታቸው ወይም ክንዳቸው ላይ ትንሽ መቁረጫ ወይም መቀስ ይይዛሉ። ቅርጹ ተለወጠ እንጂ ምክንያቱ ያው ነው።

ገመድ ያዳናቸውና ገመድ ያላዳነው

ቢላዋ ግን ለሁሉም መድኃኒት አይደለም። ኩስቶ ይህን የተማረው በጓደኞቹ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በ1945 ኩስቶ፣ ታይዬና ዱማ ቱሎን ውስጥ የባሕር ኃይሉን የውኃ ውስጥ ጥናት ቡድን አቋቋሙ። ሥራቸው ፈንጂ ማንሳትም ነበር። ከአባላቱ አንዱ ሞሪስ ፋርግ ይባላል።

በነሐሴ 1946 ኩስቶና ዱማ ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ፎንቴን ደ ቮክሉዝ የተባለውን ጥልቅ ምንጭ ሊመረምሩ ገቡ። ጨለማ ስለሆነ መመሪያ ገመድ ይዘው ነበር፤ ከላይ ገመዱን የያዘው ፋርግ ነው። ታች ሲደርሱ ሁለቱም አእምሯቸው ደነዘዘ። ዱማ ራሱን ሊስት ደረሰ። ኩስቶ ጓደኛውን እየጎተተ በገመዱ ወደ ላይ ለመውጣት ቢሞክር ፋርግ ገመዱ ሲሳብ ጨምሩልን ያሉት መስሎት ይለቅለት ነበር። ኩስቶ በጎተተ ቁጥር ገመዱ ይረዝማል። በመጨረሻ ፋርግ ነገሩ ስላላማረው በራሱ ውሳኔ ጎትቶ አወጣቸው። ምክንያቱ ሲመረመር ሲሊንደሩን የሞላው ኮምፕሬሰር የራሱን ጭስ ስቦ አየሩን መርዞት ተገኘ። ጠላታቸው ከምንጩ ሳይሆን ከራሳቸው ሞተር የወጣ ነበር።

ፋርግ ሁለቱን ሰዎች ካዳነ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ኖረ። በመስከረም 1947 ሰው በተጨመቀ አየር ምን ያህል ሊጠልቅ እንደሚችል ለማወቅ ሙከራ ሲደረግ ተራው የእሱ ሆነ። ቁልቁል በተዘረጋው ገመድ ላይ ሰሌዳዎች ተንጠልጥለዋል፤ ጠላቂው የደረሰበት ሰሌዳ ላይ ፊርማውን አኑሮ ይመለሳል። ፋርግ እየወረደ ደህና መሆኑን በገመድ አስታወቀ። ከዚያ ዝም አለ። ጎትተው ሲያወጡት የአየር መሳቢያው ከአፉ ወጥቶ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሕይወቱ አልተመለሰችም። ፊርማው 120 ሜትር ገደማ ላይ ተገኘ። አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በጥልቅ ውኃ እንደ መጠጥ ያሰክራል፤ ሰውየው ደስ እያለው የሚያደርገውን ያጣል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ሆነ። ኩስቶ ከዚያ ወዲህ በተራ አየር የሚጠለቅበትን ወሰን በጥብቅ ያዘ።

ሻርኩስ?

ሻርክ የለም አይባልም። በ1948 ኩስቶና ዱማ ኬፕ ቨርዴ ደሴቶች አጠገብ ከመርከባቸው ርቀው ሳለ ሦስት ሻርኮች ከበቧቸው። አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ኩስቶ መጣ። ኩስቶ ያደረገው ነገር የጋዜጠኝነት ተማሪን ሳያስገርም አይቀርም፤ የያዘውን ካሜራ ፊቱ ላይ ጋርዶ የሻርኩን አፍንጫ በካሜራው መታው። ሻርኩ ሸሸ፤ ጀልባዋም ደርሳ አወጣቻቸው።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ሻርክ ባለበት ቦታ የሚይዘው ጫፉ ላይ ምስማር የተመታበት የእንጨት ዱላ ሆነ። ቢላዋ አይደለም፣ ዱላ ነው፤ ያውም ለመግደል ሳይሆን ለማራቅ። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ቢላዋ ሻርክን የሚነካው ሻርኩ እጅን የሚነካበት ርቀት ላይ ሲደርስ ነው፣ ቢወጋ ደግሞ የሚፈሰው ደም ሌሎች ሻርኮችን ይጠራል። ለነገሩ ሻርክ በዓለም ዙሪያ በዓመት የሚገድለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አሥር አይሞላም። ሰው የሚገድለው ሻርክ ግን በብዙ ሚሊዮን ይቆጠራል። ማን ከማን ነው ቢላዋ ሊይዝ የሚገባው ያሰኛል።

ካሊፕሶና የወርቅ ዘንባባው

በ1950 ሎኤል ጊነስ የተባለ እንግሊዛዊ ባለጸጋ አንድ አሮጌ መርከብ ገዝቶ በዓመት አንድ ፍራንክ ብቻ እየከፈለ እንዲጠቀምበት ለኩስቶ አከራየው። መርከቡ በጦርነቱ ጊዜ ፈንጂ ጠራጊ የነበረ፣ በኋላም በማልታና በጎዞ መካከል ሰው ያመላልስ የነበረው ካሊፕሶ ነው። ኩስቶ ለምርምር አዘጋጀውና በ1951 መጨረሻ የመጀመሪያውን ትልቅ ጉዞ ወደ ቀይ ባሕር አደረገ። በመርከቡ ላይ ከማንም በላይ ብዙ ጊዜ የኖረችው ግን ሲሞን ናት፤ ስሟ ፊልሞቹ ላይ እምብዛም ባይታይም የመርከበኞቹ እናት ነበረች።

ከዚያም ኩስቶና ወጣቱ ሉዊ ማል «ዝምተኛው ዓለም» የሚለውን ፊልም ሠሩ። በ1956 ካን ላይ የወርቅ ዘንባባ ተሸለመ፤ ዘጋቢ ፊልም ይህን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር፣ ሁለተኛው የመጣውም በ2004 ነው። ኦስካርም አገኘ። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የቀይ ባሕርን ኮራል በቀለም አየ።

በዚያው ፊልም ውስጥ ግን ዛሬ ሲያዩት የሚዘገንን ትዕይንት አለ። የካሊፕሶ ፕሮፔለር አንዲት ግልገል ዓሣ ነባሪ ይመታል። ግልገሏ ክፉኛ ትቆስላለች፣ መርከበኞቹም በጥይት ይገላግሏታል። ሻርኮች ደሙን አሽትተው ሲመጡ መርከበኞቹ በንዴት እየጎተቱ ያወጧቸውና በመርከቡ ወለል ላይ ይቀጠቅጧቸዋል። ሻርኮቹ ተፈጥሯቸውን ነው ያደረጉት፤ ግልገሏን የመታው መርከቡ ነው። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ዓሣ ለመቁጠር ተብሎ ኮራሉ በዲናሚት ይፈነዳል። ይህን ሁሉ ኩስቶ አልደበቀም፣ ቀርጾ አሳየ። ያን ጊዜ ክፉ ነገር መሆኑ አልታየውም ነበር ማለት ነው። በኋላ ግን ሰው ታዘበው፣ እሱም ተለወጠ። ዓሣ በጦር ማደንን ተወ፣ ሌሎችም እንዲተዉት ተከራከረ።

ቀይ ባሕር ውስጥ የተሠራ ቤት

በ1963 ኩስቶ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ሻብ ሩሚ በተባለው የኮራል አለት ላይ 10 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ቤት ሠራ። የኮከብ ቅርጽ ባለው በዚህ ቤት ውስጥ ሰዎች አንድ ወር ኖሩ፤ በላይኛውና በታችኛው ዓለም መካከል ሳይመላለሱ ሠሩ፣ በሉ፣ ተኙ። በቀቀንም ይዘው ነበር። ዝቅ ብላ በተሠራችው ሌላ ክፍል ሁለት ሰዎች አንድ ሳምንት ቆዩ። በዚህ ላይ የተሠራው ፊልም በ1964 ወጥቶ ሌላ ኦስካር አመጣለት። የቤቱ ፍርስራሽ ዛሬም እዚያው አለ።

አደጋው ከላይ ነው

በ1960 ፈረንሳይ የኑክሌር ቆሻሻ ሜዲትራኒያን ውስጥ ልትጥል ስታቅድ ኩስቶ በአደባባይ ተቃወመ። የሕዝቡም ቁጣ ተጨመረበትና ዕቅዱ ቀረ። ከ1968 ጀምሮ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልሞቹ በብዙ አገሮች ታዩ። ቀይ የሱፍ ቆቡ የታወቀ ምልክት ሆነ። በ1973 የኩስቶ ማኅበርን አቋቋመ። ድሮ የጠለቀባቸው ቦታዎች ተመልሶ ሲሄድ ዓሣው ሳስቶ፣ ኮራሉ ሞቶ ያገኛቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራው ስለዚህ መናገር ሆነ።

የቢላዋውም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ኩስቶ መጥለቅ ሲጀምር መረብ የሚሠራው ከጥጥና ከቃጫ ነበር። ይህ ባሕር ውስጥ ሲቀር ይበሰብሳል። ናይሎን በ1935 ተፈለሰፈ፤ ከጦርነቱ በኋላ መረብና ገመድ ሁሉ ናይሎንና ፕላስቲክ ሆነ። ናይሎን አይበሰብስም። አጥማጁ ቢጥለውም መረቡ ማጥመዱን ይቀጥላል፤ ዓሣ ይይዛል፣ ኤሊ ይይዛል፣ ጠላቂም ይይዛል። ቀጭኑ የናይሎን መረብ ውኃ ውስጥ አይታይም። እኛም ዘንድ ጣና ላይ የናይሎን መረብ ከገባ ከ1980ዎቹ ወዲህ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ጠላቂው ቢላዋውን የሚታጠቀው ሰው ጥሎት የሄደውን ነገር ፈርቶ ነው። በዛሬ ጊዜ በልዩ ልዩ አገሮች በጎ ፈቃደኛ ጠላቂዎች በዚሁ ስለት ከሰመጡ መርከቦች ላይ የተተዉ መረቦችን እየቆረጡ ያወጣሉ፣ የተያዙ እንስሳትንም ያስፈታሉ።

የመጨረሻው ዘመን

የኩስቶ ሕይወት ሐዘን ያልጎበኘው አልነበረም። ታላቅ ወንድሙ ፒየር-አንቷን ጋዜጠኛ ነበር፤ ጀርመኖች ፈረንሳይን በያዙበት ዘመን ለናዚ ያደረና አይሁዶችን የሚያስጠላ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ሞት ተፈረደበት፣ ፍርዱ ቢቀየርለትም በ1958 ሞተ። ስለት ያለው ነገር ብረት ብቻ አለመሆኑን ለእኛ ለሙያው ተማሪዎች ያስታውሰናል።

በ1979 ደግሞ አብሮት ይቀርጽ የነበረው ትንሹ ልጁ ፊሊፕ ሊዝበን አጠገብ ውኃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ሲበር ተከስክሶ ሞተ። ዕድሜው 38 ነበር። በ1990 ሲሞን ዐረፈች። በ1996 መጀመሪያ ካሊፕሶ ሲንጋፖር ወደብ ላይ ሌላ ጀልባ ገጭቷት ሰመጠች፤ በኋላ ተጎትታ ወጣች። ወቀሳም አልቀረለትም፤ አንዳንድ ትዕይንቶችን አስቀድሞ አቀናብሯል ተብሎ ተተችቷል። እሱ ራሱ በሰኔ 1997 በ87 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሞተ። የቀብሩ ጸሎት በኖትር ዳም ተደርጎ በተወለደባት ከተማ ተቀበረ።

እንግዲህ የዚህ ሰው ሕይወት ለትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች አንድ ቁምነገር ያለው ይመስለኛል። ለሻርክ የተባለውን ቢላዋ የፈጠረው ባሕሩ ሳይሆን ስክሪኑ ነው። ኩስቶ ራሱም አውሬውን ጠላት ካደረጉት አንዱ ነበር፤ ከዚያ ግን ካሜራውን ይዞ ቆየ፣ ደጋግሞ ተመለሰ፣ አየ፣ አሳቡንም አረመ። አንድ ሰው መሣሪያ ይዞ ብንቀርጽ ለምን እንደያዘ መገመት ይቀለናል። ባለቤቱን መጠየቅ ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ከግምታችን የተለየ ነው። የጠላቂው መልስ ገመድ ነው፣ መረብ ነው፣ የእኛው የሰዎች ጥራጊ ነው።